ሰባቱ ክፍት ጆንያዎች

አባቴ አቶ ሣህሌ በዕድሜያቸው የሰው እህል ሰርቀው አያውቁም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ወር የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት ሲያመጣቸው የኮታቸው ሁለቱም ኪስ በገብስ ተሞልቶ ነበርና። የአሰላ ሰው ደግሞ ኪሱን ካየ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ገብሱ የመንግሥት ነበር። ከገበያው በላይ ያለው የእህል መግዣ ጣቢያ ገብተው፣ ከተደረደሩት ጆንያዎች አምስቱን በሰንጢ ቀደው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው እህሉን እያወጡ ሲያሸቱ ነው የተያዙት። ጣቢያው ድሮ የእሳቸው መጋዘን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሳጉሬን ገብስና የኦጎልቾን ስንዴ እዚያ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረው፣ በ1968 ታሸገ፤ ተወረሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋቸው፤ ቀጥሎ ቀኑ፤ ቀጥሎ የእናቴ የብርቄ መሞት። "ብርቄ ከገበያ ቆየች" ይሉኛል በየቀኑ። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራቸው ነበር። በየቀኑ አዲስ መርዶ ሆነባቸው፤ እንደ ትናንቱ ያለቅሳሉ። ተውኩትና "አሁን ትመጣለች" ማለት ጀመርኩ።

ሰፈሩ "ጋሼ ሣህሌ ጃጁ" ይላል። ቃሉን አልወደውም ነበር። አሁንም አልወደውም።

በማግስቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አበጋዝ ቤቴ ድረስ መጣ። አበጋዝና እኔ አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ የሂሳብ የቤት ሥራውን ሁልጊዜ ከእኔ ደብተር ነበር የሚገለብጠው። አሁን ካኪ ለብሶ፣ ቦርሳ ይዞ፣ "ጓድ" ተብሎ መጥቷል።

"የሺሃረግ" አለኝ፤ "አንድ ጊዜ እርጅና ነው ብለን አልፈነዋል። ሁለተኛ ከገቡ ግን የኢኮኖሚ አሻጥር ነው የሚባለው። ከጥምቀት በኋላ ግዢው ሲጀመር ከአውራጃ ሰዎች ይመጣሉ። በእነሱ ፊት ጆንያ ቢቀዱ እኔም አላድናቸው።"

"እና ምን ላድርግ ነው የምትለው?"

"እሰሪያቸው። ለስለስ ባለ ጨርቅ።"

"አባቴ በሬ አይደሉም።"

"የቀበሌው እስር ቤት ደግሞ ለስላሳ አይደለም" አለና ወጣ።

እውነቱን ነበር፤ ያ ነው ያናደደኝ። ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ያደረ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ የሚወጣው በቃሬዛ ነው። ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ወር አልቀረውም ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ አባቴን ሳላስር ቤት ማዋል አለብኝ አልኩ። እንዴት እንደሆነ አላወቅሁም፤ አለብኝ ግን አልኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሲንጀሬ በረንዳው ላይ ናት፤ አባቴ ከጎኔ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ችግሩ ስፌት አንገት ያስደፋል። አንድ እጅጌ ገጥሜ ቀና ስል መደቡ ባዶ ነው፤ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወደ መግዣ ጣቢያው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ እጃቸው አንድ ነገር ከያዘ እግራቸው አይነሳም ብዬ አሰብኩ። ሕፃናትን የምናውለው በመጫወቻ አይደል? ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ሰፋሁ፤ ሆዱ ውስጥ ቃጭል ከተትኩ። ያረጁ ቁልፎችን በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ለይቼ በክር ሰካሁ። ኩራቴ ሌላ ነበር።

አባቴ ኳሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። አንዴ ነቀነቁት። ከዚያ በጥንቃቄ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት።

"የማን ልጅ ነው ረስቶት የሄደው?" አሉኝ። "ሲመለስ ስጪው፤ እንዳያለቅስ።"

ጎረቤቴ ራቢያ ከሱቋ ሆና ይህን ሰምታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ወላሂ የሺ፣ ጋሼ ሣህሌ ካንቺ ይሻላሉ!" አለችኝ። ሳቋን ሳትጨርስ አባቴ በሩን አልፈው ነበር። እሷው ራሷ ሮጣ የያዘቻቸው ገበያው አፋፍ ላይ ነው።

በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ጠፉ። ሁለተኛው ቀን አብዮት ጠባቂው ራሱ አመጣቸውና "ሊቀመንበሩ አይቷል" ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን አባቴን አሰርኩ።

የምናገረው እንዲቀለኝ ብዬ አይደለም። አይቀለኝም። ከክታን ጨርቅ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደድኩ፤ የግራ እግራቸውን ቁርጭምጭሚት አስሬ ሌላውን ጫፍ ከሲንጀሯ እግር ጋር ቋጠርኩት። "አባባ፣ እግርዎ እንዳይበርደው ነው" አልኳቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኔ ደግሞ የወለዱኝን አታለልኩ። ከዚያ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ስለጠፋብኝ ዞር ብዬ አየሁ። አባቴ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ይመረምራሉ።

"ይሄን የቋጠረ ማን ነው?" አሉ። በእውነት ተናደዋል። "ይሄ እኮ መንገድ ላይ ይፈታል!"

ፈቱት። ይሄዳሉ ብዬ ተነሳሁ። አልሄዱም። ጨርቁን አስተካክለው፣ አጥፈው፣ አንዱን ጫፍ በሌላው ሥር አሳልፈው፣ በጥርሳቸው ጭምር ስበው፣ የራሳቸውን እግር መልሰው አሰሩት። የእሳቸው ቋጠሮ ከእኔው አሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ዘና ብለው ተቀመጡ። መልሰው ፈቱት፤ መልሰው አሰሩት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከመደቡ አልተነሱም፤ ፊታቸው ላይ እንደዚያ ያለ ሰላም ካየሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቀጥሎ እንባዬን ጠርጌ ጨርቁን ፈታሁና እሳት ውስጥ ጣልኩት። ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። አባቴ የሚፈልጉት መጫወቻ የልጅ መጫወቻ አይደለም። እጃቸው የሚያውቀውን ነገር ነው።

በማግስቱ አናጢ ቤት ሄጄ ክንድ የምታህል ሳንቃ አስፈለጥኩ፤ በላይዋ ስምንት ቀዳዳ አስበስቼ ወፍራም ሲባጎ አሳለፍኩባት፤ እንዲፈቱና እንዲቋጥሩ። ሁለት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን አባቴ ሳንቃዋን ገልብጠው ጀርባዋን አዩ።

"ባዶ ቋጠሮ ምን ይዘጋል?" አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

እሺ፤ ቋጠሮው የሚዘጋው ነገር ይፈልጋል። ከአሮጌ ጆንያ ትራስ የሚያካክሉ ትንንሽ ጆንያዎች ሰፋሁ። ገብስና ስንዴ ገዛሁ፤ ነፋሁት፤ አበጠርኩት፤ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ለደጋሽ ቤት እንኳ እንዲህ ተለቅሞ አያውቅም። የአሰላ ሴት እህል ለሰው ስትሰጥ ጉድፍ ከተገኘበት ታፍራለች፤ እናቴ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።

አባቴ አንዷን ጆንያ ፈቱ። እጃቸውን አስገቡ። አወጡ። መዳፋቸው ላይ አሸት አሸት አደረጉት፤ አሸተቱት፤ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ። ደግመው አስገቡ። በሦስተኛው ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ እህል ከየት መጣ?" አሉኝ፤ ሌባ እንደሚያዩ እያዩኝ። "ይሄ የገበሬ እህል አይደለም። አንድ ተንኮል አለበት።" ጆንያዋን ገፍተው ተነሱ።

ያን ጊዜ ሳጉሬ መሄድ እንዳለብኝ አወቅሁ።

ሳጉሬ ቶላ አለ። ቶላ ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ፣ ጆንያ ተሸካሚያቸውም ጓደኛቸውም የነበረ ሰው ነው፤ መጋዘኑ ሲታሸግ ወደ ወንድሞቹ ማሳ ተመለሰ። በገበያ ቀን አባቴን ለራቢያ አደራ ሰጥቼ በጠዋቱ አውቶብስ ሄድኩ። ቶላን ገብስ ሲያጭድ አገኘሁት። እጁን ጠርጎ ጨበጠኝና ስለ አባቴ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማሰሬንም ጭምር። ስለ ለቀምኩት እህል ስነግረው ግን ማጭዱን ጥሎ ሳቀ።

"አይ የሺ! ነጋዴ እጁን ጆንያ ውስጥ የሚያስገባው ንጹሕ ሊያገኝ መስሎሻል? ጉድፍ ሊያገኝ ነው እንጂ! ሲናር አለበት ወይ፣ እንክርዳድ አለበት ወይ፣ እርጥብ ነው ወይ። ንጹሕ እህል ምን ሥራ አለው? አንቺ ሥራ የሌለው ጆንያ ሰጥተሻቸው!"

ራሴን በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ሳቁን ትቶ ማጭዱን አነሳ።

"ሌላም አለ" አለኝ። "የከፈተ ይዘጋል። ይሄን አባትሽ አልነገሩሽም? የገበሬ ጆንያ ከፍተሽ እጅሽን ካስገባሽ፣ ገዛሽም አልገዛሽም ራስሽ ነሽ መልሰሽ የምትሰፊው። ክፍት ትተሽ ከሄድሽ የሰውየውን በረከት ይዘሽ ሄድሽ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ የራሱ ቋጠሮ አለው። ገበሬው ቋጠሮውን ያይና 'ኤዬ፣ እዚህ የሣህሌ እጅ ገብቷል' ይላል። እኔ አፉን እይዛለሁ፣ እሳቸው ይሰፋሉ። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራነው።"

"እሺ?"

"መጋዘኑ የታሸገ ቀን ሰባት ጆንያ ክፍት ነበር። የኛ አይደለም፤ የገበሬዎች ነው፤ ገና አልተስማማንም። ጋሼ 'ልዝጋውና ልውጣ፤ የሰው ነው' ብለው ለመኑ። 'ውጣ!' አሏቸው። በሩ ሲታሸግ ቆመው አዩ። እስከ ቤት ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ስለ ተወረሰው ስንት መቶ ኩንታል አንድ ቃል አልተናገሩም። 'ሰባት ጆንያ ክፍት ትቼ' ብቻ ነበር የሚሉት።"

በአውቶብስ ወደ አሰላ ተመለስኩ። እንግዲህ አባቴ የመንግሥትን ጆንያ እየቀደዱ እነዚያን ሰባት ጆንያዎች ነበር የሚፈልጉት። የማታውቀውን ሰው ብታስር ይቅር ትባል ይሆናል፤ እኔ ግን አደራ ሊመልስ የሚሄድ ሰው ነበር ያሰርኩት።

ሰባት ጆንያ ሰፋሁ፤ ጭናቸው ላይ ሊያሳርፏቸው የሚችሉ። በአንዱ ገብስ ከሲናር ጋር፣ በሌላው ስንዴ ከእንክርዳድ ጋር ቀላቀልኩ። በሦስተኛው ጠጠር ልጨምር ብዬ ነበር፤ ግን አባቴ እህል በጥርሳቸው ይፈትናሉ፤ ስለዚህ ጠጠሩን ትቼ ባቄላ ጨመርኩ። አንዱን ገለባ አበዛሁበት። የጆንያ መርፌ እጃቸውን እንዳይወጋ ጫፉን እንዲያደነዝዝልኝ ቀጥቃጩ ሁሴኖ ዘንድ ወሰድኩት። "ሰው መርፌ ያስላል እንጂ ያደነዝዛል እንዴ?" ብሎ ዕቃውን ትቶ አየኝ። "አንተ ብቻ አደንዝዝ" አልኩት። የደነዘዘ መርፌ ጆንያ ስለማይበሳ የጆንያዎቹን አፍ ዙሪያ በሲንጀር አጥብቄ ቀዳዳ አበጀሁላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሲባጎውን ቀይ ቀለም ነከርኩት። ሁሉንም አፋቸውን ከፍቼ መደቡ ላይ ደረደርኩ።

አባቴ ሲያዩአቸው ቆሙ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እውነትም ሠሩ። ሲናሩን እየለቀሙ ወደ ጎን አደረጉ፤ እንክርዳዱን እያዩ ተሳደቡ፤ የባቄላው ጆንያ ባለቤት ማን እንደሆነ ባላውቅም በየቀኑ ስሙን ሲያጠፉት ይውላሉ። ሳቅኩ። ግን መስፋቱ ላይ ሲደርሱ ነገር ይበላሻል። በአንድ እጅ መርፌ፣ በሌላው ሲባጎ፤ የጆንያው አፍ ይንሸራተታል፤ እህሉ ይፈሳል። አንዱን እንደ ምንም ይዘጋሉ፤ ሁለተኛው ላይ ይናደዳሉ፤ ሦስተኛውን ጥለው ከዘራቸውን ያነሳሉ። እኔ የጆንያ አፍ የሚይዝ የእንጨት መቆሚያ አሠራሁላቸው። ግቢው ውስጥ ወረወሩት። መቆሚያውን ዝቅ አደረግሁት፤ እንደገና ወረወሩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ግን ጥምቀት አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ግዢው ተጀመረ። እህል የሚጭኑት ትልልቅ መኪኖች፣ ኤንትሬዎቹ፣ ገና ከታች መታጠፊያው ጀምረው ጥሩምባቸውን እየነፉ በቤታችን ፊት አለፉ። በዚያ ድምፅ አባቴ ሠላሳ ዓመት ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ኖረዋል። ሦስተኛው ጆንያ ላይ ነበሩ። አፉ አመለጣቸው፤ ገብሱ በረንዳው ላይ ተበተነ። መርፌውን እንደያዙ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ።

በሩን ሲከፍቱ አበጋዝ ቆሞ ነበር። ከኋላው አብዮት ጠባቂው አለ፤ ትከሻው ላይ መጫኛ ተንጠልጥሏል።

"አላሰርሽም" አለኝ አበጋዝ በአባቴ ትከሻ ላይ እያየኝ።

"አላሰርኩም። አላስርምም።"

"የሺ፣ የአውራጃ ሰዎች ጣቢያው ደርሰዋል። በእኔ አትፍረጂ።"

እጁን ወደ አባቴ ክንድ ሰደደ። እኔም ተነሳሁ፤ ምን ላደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መቀሱን ግን ይዤ ነበር። አባቴ ግን ቀደሙን። አበጋዝን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ቶላ!" አሉ በቁጣ። "እስካሁን የት ነበርክ? ሰው እህሉን ከፍቶ ትቶ አንተ ትዞራለህ?"

"ጋሼ፣ እኔ አበጋዝ ነኝ..."

"ና ያዝ!"

የካኪውን እጅጌ ጨምድደው እየጎተቱ ወደ መደቡ አመጡት። አበጋዝ ወደ እኔ ዞሮ አየ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቶላ ሳጉሬ ማሳ ላይ በአፉ ነግሮኝ ነበር፤ "እኔ አፉን እይዛለሁ፣ እሳቸው ይሰፋሉ" ብሎኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼ ሄጄ የእንጨት መቆሚያ አሠራሁ! ጆንያ ብቻውን የሚዘጋ ሰው የለም። ለአባቴ ሰባት ጆንያ ሰጥቼ ወደ ሲንጀሬ ተመልሼ ነበር፤ የጎደለው ሰው ነበር።

"ያዝላቸው" አልኩት።

"እኔ?"

"ያዝላቸው አበጋዝ! የሂሳቡን ውለታ መልስ።"

አብዮት ጠባቂው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አበጋዝ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ተንበርክኮም የጆንያውን አፍ በሁለት እጁ ያዘ።

"አጥብቀህ!" አሉት አባቴ። "እንደ እንግዳ አትያዝ!"

አጥብቆ ያዘ። የፈሰሰውን ገብስ እኔ ሰብስቤ መለስኩ። አባቴ ሰፉ፤ ሳቡ፤ በጥርሳቸው ነክሰው ቋጠሩ። ሦስተኛው ተዘጋ። አራተኛው ተዘጋ። ከአብዮቱ ወዲህ አበጋዝን እንደዚያ ያዘዘው ሰው አላየሁም፤ "ወደዚህ፣ ቀና አድርገው፣ እጅህን አንሳ" ይሉታል፤ እሱም "እሺ ጋሼ" ይላል። አምስተኛው ላይ ሁለት ኤንትሬ ተከታትለው ጥሩምባ እየነፉ አለፉ። አባቴ ቀና አላሉም። መርፌውን ቀዳዳው ውስጥ ሊያስገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ፤ አስገቡም።

ሰባተኛው ሲዘጋ ከዓይናቸው እንባ ወረደ። አላበሱትም። በጣታቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቋጠሮውን ሁሉ እየነኩ ቆጠሩ።

"ተዘጋ" አሉ። "የሰው አደራ ነበር። ተዘጋ።" ኮታቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ጋደም አሉና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አበጋዝ ከጉልበቱ ላይ ገለባ አራገፈ። ሰባቱን ጆንያዎች አየ፤ አባቴን አየ።

"መጫኛውን መልስ" አለው አብዮት ጠባቂውን። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ነገስ ማን ይይዝላቸዋል?"

"እኔ" አልኩት።

እኔው ያዝኩ። በየጠዋቱ ሲንጀሬን ሁለት ሰዓት እዘጋታለሁ፤ ደንበኛ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ጆንያዎቹን ሲተኙ ፈትቼ ጉድፍ እቀላቅልና ክፍት አድርጌ አኖራለሁ፤ ሲነሱ አፉን እይዛለሁ፤ እሳቸው ይሰፋሉ። ያን ዓመት ወደ መግዣ ጣቢያው አንድ ቀን እንኳ አልሄዱም። ወሬው ግን ሄደ። ሀሊሜ የምትባል ሴት ከታችኛው ሰፈር መጥታ "እናቴ ሌሊትና ቀን ታለቅሳለች፤ እንደ ጋሼ ሣህሌ ጆንያ ሥሪልኝ" አለችኝ። ጆንያ አልሰጠኋትም። "እጃቸው ምን ያውቃል?" ብዬ ጠየቅኋት። ወተት መግፋት ነበር የሚያውቀው። ትንሽ ቅል ገዝተን፣ ግማሽ ውሃ ሞልተን፣ አፏን በሰም ደፍነን፣ ጭናቸው ላይ እንድትተኛ ማንገቻ ሰፋሁላት። "አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር እሳቸው ሲገፉ?" አልኳት። "እዘፍን ነበር" አለች። "እንግዲያው ዝፈኚ፤ ቅሏ ብቻዋን አትሠራም" አልኳት። ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። ሁሉንም የምጠይቀው ያንኑ ነው፤ እጃቸው ምን ያውቃል፣ ከጎናቸውስ ማን ነበር።

አባቴ ግን እኔን ረሱኝ። ክረምቱ ሲገባ ስሜ ጠፋቸው። አልተጣላኋቸውም። አፉን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ "ቶላ" ይሉኝ ጀመር፤ "ቶላ ያዝ፣ ቶላ አትንቀጥቀጥ"። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን ቶላ መሆንም ደህና ሥራ ነው አልኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቶላ ሆኜ ኖርኩ።

በ1976 ነሐሴ፣ ሊያርፉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ጉልበታቸው አንድ ጆንያ ብቻ ሆኖ ነበር። ስንዴውን እንደዚያ ቀን ለቅመውት አያውቁም። እንክርዳዷን አንድ በአንድ አወጡ፤ ገለባውን እፍ አሉት፤ ከእኔ የባሰ ለቀሙት። ሰፍተው ቋጠሩና ጆንያዋን ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

"ቶላ" አሉኝ፤ "ይሄን ለየሺሃረግ አድርስልኝ።"

"የሺሃረግ ማን ናት?" አልኩ።

"ልጄ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው፤ ትብላ አትብላ አላውቅም። ንጹሕ ነው በላት። ጉድፉን አውጥቼዋለሁ።"

"አደርሳለሁ ጋሼ። ከማን ነው ብትለኝስ?"

ሰነፍ ተማሪ እንደሚያዩ አዩኝ። "ምን ያስጠይቃል?" አሉ። "ቋጠሮውን ታውቀዋለች።"

ጆንያዋ አሁንም ከእኔ ጋር ናት። ስንዴው ነቅዞ ይሆናል፤ አላየሁትም። የከፈተ ይዘጋል፤ እኔ ደግሞ ያንን ቋጠሮ አልችለውም።